የእርጅና ቅናሽ የማን ነው?

በሰኔ 2017 ዓ.ም. መጨረሻ ገደማ አንድ ፎቶ ኮፒ ማሽን ሞተና ለቅሶ ደረስኩ። ቀልዴን አይደለም። የማሽኑ ባለቤት በርጩማው ላይ ኩርምት ብሎ፣ አገጩን በመዳፉ ደግፎ ሳየው «እግዜር ያጽናህ» ከማለት በቀር የምለው ጠፋኝ። እሱም «አሜን» አለኝ። ሁለታችንም አልሳቅንም።

ሰውየውን የማውቀው ዩኒቨርሲቲ ሳስተምር ነው። ከቤተ መጻሕፍት የተዋስኩትን አንድ ለእናቱ የሆነ ልቦለድ ስልሳ ተማሪ እንዲያነበው ስፈልግ የምሮጠው ወደ እሱ ኮፒ ቤት ነበር። (የደራሲው መብትስ ለምትሉኝ፣ እሱን ሌላ ቀን እናዘዛለሁ፤ ዛሬ የተነሳሁት ስለ ሌላ ኃጢአት ነው።) ማስተማሩን ከተውኩ በኋላም ደንበኝነታችን አልተቋረጠም። እስከ ዛሬ «መምህር» ነው የሚለኝ። ይህን ጽሑፍ ጨምሮ ለጋዜጣ የምልከውን ሁሉ አስቀድሞ የሚያነበውም እሱ ነው፤ እያተመ ያነበዋል፣ ካልጣመው ፊቱ ያስታውቃል።

ማሽኑ እሳት የላሰ ነበር። በሐምሌ 2013 ዓ.ም. ከመርካቶ፣ ያገለገለ፣ በ150,000 ብር የገዛው ነው። ያን ጊዜ አንድ ዶላር በባንክ 44 ብር አካባቢ ነበር። አራት ዓመት ሙሉ የመመረቂያ ጽሑፍ፣ የመታወቂያ ኮፒ፣ የፍርድ ቤት ማስረጃ፣ የቤት ካርታ፣ የአርባ መታሰቢያ ጥሪ ሲተፋ ኖረ። ከዚያ ድራሙ ተላጠ፣ ሮለሩ ተበላ፣ በመጨረሻም ቦርዱ ተቃጠለ። ጠጋኙ መጥቶ ከፍቶ አየና፣ ተስፋ የሌለው በሽተኛ እንዳየ ሐኪም አንገቱን ነቅንቆ ሄደ። ወዳጄ ተመሳሳዩን ሊገዛ መርካቶ ቢወርድ 450,000 ብር አሉት።

እኔ ደግሞ ያወቅሁ መስሎኝ፣

«የእርጅና ቅናሹን ስታሳስብ የኖርከውስ?» አልኩት።

«የምኑን እርጅና?»

«የማሽኑን ነዋ።»

«መምህር፣ ማሽኑ እኮ የለም።»

«እንዴት የለም? ይኸው ተገትሮ!»

«እዚህ አለ። መዝገቡ ላይ ግን የለም። ደረሰኝ የለውማ።»

መርካቶ ወርዶ ዕቃ የገዛ ሰው ሁሉ ያቺን ጥያቄ ያውቃታል። «በደረሰኝ ነው ያለ ደረሰኝ?» ሻጩ ድምፁን እንኳ ዝቅ አያደርግም፤ ሻይህ በስኳር ነው ያለ ስኳር እንደሚል አስተናጋጅ ነው የሚጠይቅህ። በደረሰኝ ከሆነ 15 በመቶ የተጨማሪ እሴት ታክስ ይጫንበትና ማሽኑ 172,500 ብር ይገባል። ያለ ደረሰኝ ከሆነ 150,000። ወዳጄ 22,500 ብር ላትርፍ ብሎ ያለ ደረሰኝ ገዛ። ከዚያ በኋላ በየዓመቱ ግብሩን ሲያስታውቅ የወረቀቱን፣ የቶነሩን፣ የቤት ኪራዩን ወጪ፣ ደረሰኝ ያገኘለትን ያህል እያሳየ ሲያስቀንስ፣ የማሽኑ ስም ተነስቶ አያውቅም። በሕግ ዓይን አልተወለደም። ያልተወለደ ደግሞ አያረጅም።

በዚያች ኮፒ ቤት ውስጥ መንግሥት በስሙና በቁጥሩ የሚያውቀው ማሽን አንድ ብቻ ነው፤ የሽያጭ መመዝገቢያው። እሱ መታወቂያ አለው፣ ሲታመም ይመረመራል፣ ለአንድ ቀን ቢያርፍ «ለምን አረፈ?» ተብሎ ይጠየቅለታል። ወዳጄን የሚያበላው ማሽን ግን ሲሞት ጠያቂ ያጣ ባይተዋር ሆኖ ቀረ።

«የእርጅና ቅናሽ ደግሞ ምንድነው?» የሚለኝ አንባቢ አይጠፋም። የሒሳብ ሰዎች ቋንቋ አብዛኛውን ጊዜ ያቃጨለኛል፤ ይቺን ቃል ግን እወዳታለሁ። እርጅና ራሱ ወጪ መሆኑን የሚያምን ሕግ ጨካኝ ሕግ ሊሆን አይችልም ብዬ አስብ ነበር። (ሃምሳውን ያለፈ ሰው እንዲህ ባለው ነገር ቶሎ ልቡ ይራራል።) ነገሩን ለመረዳት የሒሳብ ትምህርት አያስፈልግም፤ ገበሬውን ማየት ይበቃል። ገበሬ በሬው እያረጀ መሆኑን ጥርሱን አይቶ፣ አረማመዱን አይቶ ያውቃል። እርፍ ላይ ሳይወድቅበት አድልቦ ይሸጠዋል፤ በዋጋው ላይ ከእህሉ ሽያጭ ጥቂት ጨምሮ ወይፈን ይገዛል። ከምርቱም ላይ ከሁሉ አስቀድሞ ዘሩን ለይቶ ያስቀምጣል። ጎተራዬ ሙሉ ነው ብሎ ዘሩን አስፈጭቶ የበላ ሰው ጠግቦ ያደረ ይመስለዋል እንጂ የከርሞውን እርሻ ነው የበላው። የእርጅና ቅናሽም ይኸው ነው። ዘንድሮ አገኘሁ ከምትለው ብር ውስጥ የማሽኑ ዕድሜ አለበት፤ ለሚቀጥለው ማሽን ዘር የሚሆነው እሱ ነው፤ ስለዚህ ትርፍ አይባልም፣ ግብርም አይነካውም፣ ማለት ነው።

ሕጉ ይህን ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም። በ1994 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 286 ለኮምፒውተር 25 በመቶ፣ ለሌላው የንግድ ዕቃ 20 በመቶ፣ ለሕንፃ 5 በመቶ በየዓመቱ ይቀነስ ይል ነበር። እሱን የተካው የ2008ቱ አዋጅ ቁጥር 979፣ በ2009 ከወጣው ደንብ ቁጥር 410 ጋር፣ ሁለት መንገድ ሰጠ፤ ከመነሻው ዋጋ ላይ በየዓመቱ እኩል እየቀነሱ መሄድ፣ ወይም ከቀሪው ዋጋ ላይ እየቀነሱ መሄድ። በፊተኛው መንገድ ለኮምፒውተር 20፣ እንደ ኮፒ ማሽን ላለው ሌላ ዕቃ 15 በመቶ፤ በኋለኛው 25 እና 20 በመቶ። የ94ቱ አዋጅ የማያረጁ ነገሮችንም ይዘረዝራል፤ መሬት፣ የሥነ ጥበብ ሥራ፣ ጥንታዊ ዕቃ፣ ጌጣጌጥ። ሥነ ጥበብ አያረጅም የሚል የግብር አዋጅ በማንበቤ ደስ ብሎኛል፤ እኔ አንድ ሴሚስተር የሚፈጅብኝን ነገር በአንድ መስመር ጨርሶታል። ሥነ ጥበቡን የሚያስተምረው ሰው ግን ያረጃል፣ ቅናሽም የለውም። ደመወዝተኛ በገዛው መጽሐፍና ባቃጠለው ኮምፒውተር ከግብሩ ሰባራ ሳንቲም አይቀነስለትም። ይሁን፤ የኔን እንተወው።

ከወዳጄ ጋር በተበላሸ ወረቀት ጀርባ ላይ ሒሳብ ሠራን። (ኮፒ ቤት የተበላሸ ወረቀት ሞልቷል።) ማሽኑን በደረሰኝ በ172,500 ብር ገዝቶት ቢሆን ኖሮ፣ በ15 በመቶ ሲሰላ በየዓመቱ 25,875 ብር፣ በአራት ዓመት 103,500 ብር ከትርፉ ላይ ይቀነስለት ነበር። የመጨረሻዋ የትርፉ ብር የምታርፈው በ30 በመቶ እርከን ላይ ነበርና ሳይከፍለው የሚቀረው ግብር 31,050 ብር ይሆናል። 22,500 ብር ለማትረፍ ብሎ በአራት ዓመት ውስጥ 31,050 ብር ጣለ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይኼ ነው። ይህን ስነግረው ወረቀቱን ተቀብሎ አየና አጣጥፎ ኪሱ ከተተው። ለምን እንደከተተው አላውቅም።

እዚህ ላይ «እሰይ፣ የእጁን አገኘ!» የሚል አንባቢ ይኖራል። አልፈርድበትም። ያለ ደረሰኝ የሚገዛ ሰው ሻጩ ከአገር ካዝና እንዲሰርቅ ጠረጴዛውን የደገፈለት ሰው ነው። እኔም ለወዳጄ ይህንኑ ነግሬዋለሁ። ሆኖም እሱ የመለሰልኝን ልንገራችሁ። «መምህር፣» አለኝ፣ «እኔ በደረሰኝ ስለው፣ በደረሰኝ የሚሸጠው አልቋል አለኝ።» ማሽኑ አንድ ነው፣ መደርደሪያውም አንድ ነው፤ በደረሰኝ የሚሸጠው ግን አልቋል! መንግሥት ሙሉ ሠራዊቱን ይዞ ከትልቁ ነጋዴ ያላስቆረጠውን ደረሰኝ፣ የኮፒ ቤቱ ባለቤት ብቻውን ሄዶ አስቆርጦ እንዲመጣ ነው የሚጠበቀው። ሻጩ በሕግ ያስጠይቀዋል፣ እውነት ነው። የተያዘ ለታ ይጠየቃል። ገዢው ግን መያዝ አያስፈልገውም፤ በየዓመቱ፣ በሰዓቱ፣ በራሱ እጅ በሞላው ቅጽ ይቀጣል።

እሺ፤ ወዳጄን ጻድቅ እናድርገው። ደረሰኙን በክብር አስቆርጧል፣ መዝገብ ይዟል፣ ለሒሳብ ባለሙያ ከፍሏል፣ በየዓመቱ 25,875 ብሩን አስቀንሷል። ማሽኑ በሰኔ 2017 ሲሞትበትም ያልተቀነሰችው ቀሪ 69,000 ብር ሳትቀር ታስባለታለች እንበል። ሕጉ የሰጠውን ሁሉ አገኘ ማለት ነው። ስንት ሆነ? 172,500 ብር። ማሽኑስ ስንት ገባ ተባለ? 450,000። የጎደለው 277,500 ብር ከየት ይምጣ? ከትርፉ ነዋ። ግብር ተከፍሎበት ከተረፈው። በ30 በመቶ እርከን ላይ ያለ ሰው ግብሩን ከፍሎ 277,500 ብር እጁ ላይ እንዲቀር ወደ 396,000 ብር ማትረፍ አለበት። ለምን? እንደገና ሀብታም ለመሆን እንዳይመስላችሁ። ትናንት የነበረበት ቦታ ላይ ለመቆም ነው።

የመጣሁበት ነገር ይኼ ነው። አዋጁ ማሽን ያረጃል ይላል፤ ሕንፃ ያረጃል፣ ኮምፒውተር ያረጃል ይላል። በአዋጁ ውስጥ ጨርሶ የማያረጅ ነገር ቢኖር ብር ነው። ወዳጄ ማሽኑን የገዛበት ብር እና ዛሬ ማሽን የሚጠየቅበት ብር በሕጉ ዓይን አንድ ብር ናቸው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ ዋጋ ይመራ ሲባል 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከመቶ አለፈ፤ ማሽኑ ሲሞት ከ130 በላይ ነበር። ይህን ያደረገው የኮፒ ቤቱ ባለቤት አይደለም። መንግሥት በአንድ እጁ «ብሩ አርጅቷል፣ ዋጋው ይውረድ» ብሎ ወሰነ፤ በሌላ እጁ የግብር ቅጹን ይዞ «ብሩማ እንደ ጥንቱ ነው» ይላል። የ94ቱ አዋጅ እንዲያውም ይህን በር አስቀድሞ ነበር የዘጋው፤ የንግድ ዕቃ እንደገና ቢገመት እንኳ በግምቱ ለጨመረው ዋጋ የእርጅና ቅናሽ አይታሰብም ብሎ በግልጽ ጽፏል። ከዚያ በኋላ የመጣውም ሕግ ቢሆን የሚቆጥረው ከተገዛበት ዋጋ ነው።

የእህቴ ልጅ የሒሳብ ባለሙያ ነው። ይህን ብነግረው ሳቀብኝ። «ጋሼ፣ እርስዎ ደግሞ! ይኼ እኮ በዓለም ሁሉ ያለ አሠራር ነው። ከተገዛበት ዋጋ ካልተነሱ እያንዳንዱ ነጋዴ የፈለገውን ዋጋ እየጠራ ይመጣል። ደግሞ አዲሱም ማሽን በተራው ይቀነስለታል።» ልጁ ትክክል ነው፤ መልስ የምሰጠው ትክክል ስለሆነ ነው። አዲሱ ማሽን በተራው ይቀነስለታል፤ ወደ ሰባት ዓመት በሚጠጋ ጊዜ ውስጥ፣ ዛሬ መግዛት ከቻለ። ከተገዛበት ዋጋ መነሳትም ገንዘቡ ረግቶ በሚኖርበት አገር ጉዳቱ ትንሽ ነው፤ ከዓመት ዓመት ሁለት ሦስት ሳንቲም ብትሸረፍ ማን ይሞታል? አራት ዓመት ሳይሞላ የገንዘቡ አቅም ወደ ሲሶ በወረደበት አገር ግን ያው አሠራር ሌላ አሠራር ነው። በስሙ ግብር ይባላል፤ በተግባር ከበሬው ሥጋ ቆርሶ መውሰድ ነው።

ገንዘባቸው የረጋውም ቢሆኑ ለትንሹ ሰው መላ አበጅተዋል። ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ የሚኖር አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ታክሲ ይነዳል። በ2025 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ግብር ሰብሳቢ ለሥራ ለተነዳ እያንዳንዱ ማይል 70 ሳንቲም እንዲቀነስ ፈቅዷል፤ ከዚህ ውስጥ 33ቱ ሳንቲም የመኪናው እርጅና ተብሎ የሚቆጠር ነው። ተማሪዬ የነዳጁንና የጥገናውን ደረሰኝ ማጠራቀም አይጠበቅበትም፤ የሚጠበቅበት የነዳውን ማይል ከነቀኑ በደብተር መያዝ ነው። ቅዳሜና እሁድ ደግሞ ያበሻ ሠርግ ይቀርጻል። ካሜራ ሲገዛ አምስትና ስድስት ዓመት ሳይጠብቅ የካሜራውን ሙሉ ዋጋ በገዛበት ዓመት ገቢ ላይ ማስቀነስ ይችላል፤ የግብር ሕጋቸው አንቀጽ 179 ለአነስተኛ ነጋዴ ይህን ይፈቅዳል። አሜሪካ ገነት ናት አላልኩም፤ ስለ ጤና መድኑ ብትጠይቁት እንባ ይቀድመዋል። ነገር ግን አንድ የገባቸው ነገር አለ፤ ትንሽ ነጋዴ ወጪውን አሁኑኑ ካልተቀነሰለት የነገው ቅናሽ አይደርስለትም።

እኛም ይህን ጨርሶ ሳናስበው ቀርተን አይደለም። በዚያው በ94ቱ አዋጅ ውስጥ አንዲት ደግ አንቀጽ ነበረች። ለእርጅና ቅናሽ መነሻ የሚሆነው ዋጋ ከ1,000 ብር ካልበለጠ በአንድ ጊዜ በሙሉ ይቀነስ ትላለች። ያን ጊዜ ዶላር ስምንት ብር ከሃምሳ አካባቢ ነበርና 1,000 ብር ከ110 ዶላር በላይ ነበር፤ የእግር መርገጫ ያላት የስፌት መኪና፣ የእንጨት መላጊያ፣ ሚዛን፣ ብዙ ነገር ይገዛል። ዛሬ ስምንት ዶላር እንኳ አይሞላም። አንቀጿም ያው እንደ ብሩ አረጀች፤ ግን የእርጅናዋን ነገር ያሰበላት የለም።

ይህን ሁሉ በተበላሸ ወረቀት ላይ ስንደምርና ስንቀንስ ቆይተን፣ ቀለሙ ሳይደርቅ ሐምሌ መጣ፤ በሐምሌ 2017 ዓ.ም. የገቢ ግብር ማሻሻያው፣ አዋጅ ቁጥር 1395፣ ጸደቀ። ደረጃ «ሐ» የሚባለው ቀረ። ዓመታዊ ሽያጩ 2 ሚሊዮን ብር የማይሞላ ነጋዴ ደረጃ «ለ» ሆነ፤ ግብሩም ከትርፉ መሆኑ ቀርቶ ከጠቅላላ ሽያጩ ላይ የሚሰላ ሆነ። የወዳጄ ሽያጭ በዓመት 600,000 ብር አካባቢ ነው። እንግዲህ ከዚህ በኋላ ማሽኑ ደረሰኝ ኖረው አልኖረው፣ አረጀ አላረጀ፣ ሞተ አልሞተ፣ ግብሩ ላይ የሚያመጣው ለውጥ የለም። እኔና እሱ የተከራከርንበት ሒሳብ ሁሉ የሙት መንፈስ ሒሳብ ሆኖ ቀረ።

ግብር መሥሪያ ቤት የሚሠራ ሌላ የቀድሞ ተማሪዬ አለ። (ሥነ ጽሑፍ ተምሮ ግብር የሚሰበስብ! ብሎም ደህና ድርሰት ይጽፍ ነበር።) ስለዚሁ ጉዳይ አነሳሁበት። «መምህር፣» አለኝ በትሕትና፣ «ያቀለልንላቸው እኮ ነው። መዝገብ መያዝ አይችሉም፣ የሒሳብ ባለሙያ ይበላቸዋል፣ ከሠራተኛችን ጋር ይጨቃጨቃሉ። አሁን ሽያጫቸውን ብቻ ይናገራሉ፣ ያቺን ታህል ይከፍላሉ፣ በቃ።» ይህንንም ዝም ብዬ አልጥለውም። ሐምሌ 2009ን አስታውሳለሁ። በቀን ገቢ ግምት ምክንያት ሱቆች የተዘጉበት፣ ባለ ኪዮስኩ በቀን ይህን ያህል ትሸጣለህ ተብሎ ደንግጦ እጁን ራሱ ላይ የጫነበት ወር ነው። ከዚያ ግምትና ውርደት፣ የታወቀች ቁርጥ ይሻላል የሚል ሰው ቢኖር አልደነቅም።

ግን ተማሪዬን አንድ ነገር ጠየቅሁት። ሁለት ሰዎች አሉ እንበል፤ ሁለቱም በዓመት 600,000 ብር ያስገባሉ። አንዱ ወንበርና ስልክ ብቻ ያለው ደላላ ነው፤ ካስገባው ላይ የስልኩን ካርድና የምሳውን ሲያነሳ ሌላው የራሱ ነው። ሌላው ኮፒ ቤት ነው፤ ወረቀት ይገዛል፣ ቶነር ይገዛል፣ መብራት ይከፍላል፣ በየአራት ዓመቱ ደግሞ ማሽን ይቀብራል። ለአዋጁ ሁለቱ እኩል ናቸው። ከሁለቱ ማንኛው ልጁን ምን አስተምራለሁ ይበል? በብየዳ ቤት፣ በእንጨት ቤት፣ በስፌት ቤት፣ በወፍጮ ቤት ያለውን ቁጠሩት። ስለ ኢንዱስትሪ፣ ስለ አገር ውስጥ ምርት በየስብሰባው የሚደሰኮርልን ሁሉ የሚጀምረው ከእነዚህ ቤቶች ነው። እኛ ግን መሣሪያ የያዘውንና ባዶ እጁን የተቀመጠውን በአንድ ሚዛን አስቀምጠን፣ መሣሪያ መያዝ ሞኝነት ነው የሚል አዋጅ አወጣን። ተማሪዬ ትንሽ ዝም ብሎ «ይኼን በጽሑፍ ቢያቀርቡት» አለኝ። ይኸው አቀረብኩት።

«መዝገብ ይያዝና በትርፉ ልክ ልክፈል ይበል» የሚለኝም ይኖራል። ይበል። መጀመሪያ ግን መዝገቡ ላይ የሚጽፈው ነገር ይሰጠው። ለመሣሪያ ሻጩ ደረሰኝ አልቋል የሚለውን መልስ የምትከለክሉት እናንተ ናችሁ፣ ኮፒ ቤቱ አይደለም። ያለ ደረሰኝ የተገዛ ማሽን ቢሆንስ፣ ተገትሮ እየሠራ በዓይን የሚታይ፣ ቁጥሩ ጀርባው ላይ የተጻፈ፣ የትናንቱ ዋጋው በየሱቁ የሚታወቅ ዕቃ አይደለም ወይ? የቀን ሽያጩን በዓይን አይተው መገመት የቻሉ ገማቾች ማሽኑን መገመት እንዴት ያቅታቸዋል? ሲያስከፍሉ በግምት፣ ሲቀንሱ በደረሰኝ! ቢያንስ ቢያንስ ለመጣል ያህል ዝቅ አድርገው ይገምቱለት፤ ከምንም ይሻላል። ከሽያጭ ላይ የሚቆረጠውም ግብር ቢሆን፣ ዘንድሮ መሣሪያ ገዛሁ ብሎ ማስረጃ ላቀረበ ሰው የመሣሪያው ዋጋ ከሽያጩ ላይ በአንድ ጊዜ ይነሳለት፤ ለዚህ አንድ መስመር ቅጽ ላይ ይበቃል። የሰባት ዓመት ሠንጠረዥ ይዘው መዝገብ ለሚይዙትም ብሩ በወረደ ቁጥር መነሻ ዋጋው አብሮ ይስተካከል። ካዝናው ይጎድላል ለሚሉኝ፣ አዎ፣ በመጀመሪያው ዓመት ይጎድላል። ማሽኑ የሞተበት ሰው ግን በሚቀጥለው ዓመት ምንም አይከፍልም፤ ያኔስ?

ነጋዴው ዘንድም የቀረ ነገር አለ። ወዳጄ ያለ ደረሰኝ መግዛቱን የሚያወራልኝ እንደ ጀግንነት ነበር፤ «አመለጥኳቸው» ይላል። ከማን ነው ያመለጠው? ከዚያ ሻጭ ጋር ተመሳጥሮ የራሱን ማሽን ከመዝገብ ያስፋቀ እሱ ነው። ኮፒ ቤቶች፣ ልብስ ሰፊዎች፣ አናጢዎች አንድ ላይ ሆነው «በደረሰኝ ካልሆነ አንገዛም» ቢሉ መርካቶ ውስጥ በደረሰኝ የሚሸጠው በአንድ ሳምንት ውስጥ ከየት እንደመጣ ሳይታወቅ ይሞላ ነበር። ይህን ስለው «እርስዎ ይጀምሩታ» አለኝ። እኔ መርካቶ የምገዛው እስክሪብቶ ነው።

ባለፈው ሳምንት ጽሑፌን ላሳትም ስሄድ ሟቹ ማሽን በሩ አጠገብ ወጥቶ ቆሟል። በቦታው አንዲት ትንሽ፣ ለቢሮ የምትሆን ማተሚያ ገብታለች፤ በብድር። አንድ ገጽ ለመትፋት ስታምጥ እስከ ሦስት ትቆጥራላችሁ። ተማሪዎቹ ተሰልፈው ሰልፉ ሲረዝምባቸው ወደ ማዶው ይሻገራሉ።

«ቆራሌው!» የሚለው ልጅ በዚያ ሲያልፍ ወዳጄ ጠራው። ልጁ ጆንያውን አወረደ፣ ማሽኑን በእግሩ ገፋ ገፋ አደረገ፣ የጎኑን ክዳን ከፍቶ ብረቱንና ፕላስቲኩን ለየብቻ በዓይኑ መዘነ። ዋጋ ጠራ። ወዳጄ ጨምር አለው። ትንሽ ተከራከሩና 2,800 ብር ላይ ተስማሙ። ልጁ ጓደኛውን ጠርቶ ለሁለት ተሸክመውት ወረዱ፤ ወዳጄ ብሩን ቆጥሮ መሳቢያው ውስጥ ከተተና ወደ እኔ ዞሮ፣ «ስንት ገጽ ነው መምህር?» አለኝ።